አሥራ አንድ ንብርብር ጭቃ

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም ጭምር፣ የሚከተለው በታላቅ አክብሮት ይገለጻል፦ ዛሬ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አንድ ቱቦ ጭቃ በሳይንስ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ይሸታል።

የጭቃው ባለቤት፣ ክፍሉ በሙሉ «ጭቃ ሹሟ» የሚላት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ በማስመሪያዋ ጫፍ ለአራተኛ ጊዜ ትቆጥራለች። አባቷ ደለል በሚጠርግ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው። ትልቁ ወንዝ ባሕር ከሚገባበት ፊት ለፊት ያለውን ቦታ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት እስከ ድንጋዩ ጠርገውት ነበር፤ ቱቦውንም ሰሞኑን እዚያው ሰክቶ ያወጣላት እሱ ነው። ወንዙ በክረምት ሲሞላ ወፍራም ቡናማ ጭቃ ያራግፋል። በበጋ ደግሞ ደቃቁ ግራጫ ጭቃ ቀስ ብሎ በላዩ ይሰፍራል። ለአንድ ዓመት አንድ ንብርብር። ስለዚህ አሥራ ሁለት መሆን ነበረበት።

አሥራ አንድ ነው።

«ሥዕሉ ላይ አንድ መስመር ጨምሪና እንገላገል፤» አለቻት ጓደኛዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የውድድሩ ቅጽ ላይ አሥራ ሁለት ብዬ ሞልቻለሁ እኮ።»

«ሳትቆጥሪ?»

«አሥራ ሁለት ዓመት፣ አሥራ ሁለት ጭቃ። ምኑ ይቆጠራል?»

ትናንት እራት ላይ አባቷን ስትጠይቀው ስቆባት ነበር። «በአምስተኛው ዓመት የመጣው ማዕበል የኛን መልሕቅ ነቅሏል። ለጭቃ ያዝናል ብለሽ ነው ልጄ?»

እውነትም ከታች ሲቆጠር ከአራተኛው ንብርብር በላይ ጥፍር የምታህል አሸዋ አለች። ማዕበሉ የዓመቱን ጭቃ ጠራርጎ የተወው እሷን ብቻ ነው። ልጅቷ አሸዋዋን በቢጫ እርሳስ ቀባችና ሥዕሉን ጨረሰች።

«አበድሽ፤» አለች ጓደኛዋ።

መምህሩ ሥዕሉንና ቅጹን ጎን ለጎን ያዘ። «እዚህ አሥራ አንድ፣ እዚህ አሥራ ሁለት?»

«አንዱን ማዕበል ወስዶታል፣ ቲቸር። አሸዋው ይኸውና።»

መምህሩ ቱቦው ላይ ጎንበስ አለ፤ ሽታው ቶሎ ቀና አደረገው። «ሥዕሉ ልክ ነው። ቅጹን በግምት የሞላ ግን ለከተማው ውድድር አይሄድም። ማን ነው የሞላው? ካልነገራችሁኝ ሁለታችሁም ትቀራላችሁ።»

ጓደኛዋ ጫማዋን ማጥናት ጀመረች። ልጅቷ ቅጹን ከመምህሩ እጅ ወሰደች፤ አሥራ ሁለቱን ሰርዛ አሥራ አንድ ጻፈችና መለሰችለት።

«ማን ነው የሞላው ነው ያልኩሽ።»

«አልናገርም።»

«ለምን?»

«እሱንም አልናገርም።»