በስሜ አቤት የሚለው

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ እመኑኝ፣ ቡራዩ ባለችው ባትሪ ቤቴ ደንበኞች ስለ ሙት መንፈስ ማውራት ሲጀምሩ «ባትሪያችሁን ይዛችሁ ሂዱልኝ» ነው የምላቸው፣ ነፍስ ለእኔ ቻርጅ ናት፣ ካለች መኪናው ይነሳል፣ ካለቀች አለቀች፣ ምን ያከራክራል? የዛን ቀን የሆነውን ግን እስካሁን ልተረጉመው አልቻልኩም።

እናቴ የምትኖረው ሱሉልታ ነበር። ስኳር መጀመሪያ ዓይኗን፣ ከዚያ እግሯን ነስቷት አልጋ ላይ ጣላት፣ ሐኪሞቹም «ቤታችሁ ውሰዷት» ብለው ሸኙን፣ እሷ ግን ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ላይ ሆና ቀን ከሌት እያቃሰተች ሰነበተች። ምን እንደያዛት ሁላችንም እናውቃለን፣ ታናሽ ወንድሜን ሳምሶንን እየጠበቀች ነው፣ ሳምሶን ደግሞ መኪና ተገልብጦበት ሞቶ ቀብረነዋል። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፣ ስለዚህ «መንገድ ተዘግቶበት ነው» እያልን እናታልላታለን።

ሐሳቡን ያመጣችው እህቴ ዘነበች ናት። «ግርማ፣ ድምፃችሁ እንደሆነ አንድ ነው፣ ሳምሶን ነኝ በላትና ትረፍ» አለችኝ፣ እኛም እንረፍ ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል፣ እኔም ሰልችቶኝ ነበር። በረንዳው ላይ የተቀመጡት ጎረቤታችን ኦቦ ጉደታ ግን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ነገር ይቅርባችሁ» አሉኝ። «ለመሆኑ የነፍስ ሥራዋ ምን ይመስልሃል?»

«ሰውዬውን ማንቀሳቀስ ነዋ፣ ኦቦ።»

«አህያም ትንቀሳቀሳለች። የሰው ነፍስ ሥራዋ ስሟ ሲጠራ አቤት ማለት ነው። የተኛን ሰው በምን ትመልሰዋለህ? በስሙ ጠርተህ አይደለም? የሰው ስም ለብሰህ ስትገባ የራስህን ለማን ትተህ ነው?»

«እስክወጣ አንቱ ያዙልኛ!» ብዬ ስቄ ገባሁ። ያቺን ቀልድ ያዙልኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ዝናቡ አባርቷል። የሳምሶንን ጃኬት ለብሻለሁ፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። በሩን ዘግቼ አልጋው ጫፍ ላይ ስቀመጥ እናቴ አንገቷን ቀና አደረገች።

«ማነው?»

«ሳምሶን ነኝ፣ እማዬ። መጣሁ።»

ፊቷ በራ። እንዲህ ሲበራ ለእኔ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም፣ ለሞተ ሰው ቀናሁ፣ ይታያችሁ። ያኔ ከኋላዬ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዞር አልኩ፣ ባዶ ወንበርና የተዘጋ በር ብቻ ነው ያለው፣ ከውጭ ነው ብዬ ተውኩት። ትንሽ ቆይቶ ወንበሩ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚያደርገው ሲጥጥ አለ። አሁን ላለመዞር አንገቴን አደነደንኩ፣ እናቴ እጄን ይዛ እያሻሸች ነበር።

«ሳሚዬ፣ እነዚህ ልጆች የሚደብቁኝ ነገር አለ» አለችኝ። «ሲያንሾካሹኩ እሰማለሁ፣ ዘነበች ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ቤታችን ሰው ሞቷል። አንተ ካለህ፣ ማነው የሞተው?»

ምን ልበላት? ጉድ ፈላ! ይሄን ዘነበችም እኔም አላሰብነውም። ለቅሶውን ሰምታዋለች፣ ማንም አልሞተም ብላት አታምነኝም፣ ሳምሶን ደግሞ እኔ ነኝ። አፌ ላይ የመጣውን አወጣሁት።

«ግርማ ነው፣ እማዬ። ግርማ ሞተ።»

አልዋሻችሁም፣ ስታለቅስልኝ ለመስማት ጓጉቼ ነበር፣ የበኩር ልጇ ነኝ፣ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። እናቴ ግን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«ተመስገን» አለች። «እሱ ከሆነስ።»

እጇ እጄ ውስጥ ላላ። ያን ሁሉ ጊዜ አልወጣ ያለችው ነፍሷ በዚህች ቃል ወጣች።

ዘነበች ከውጭ «ግርማ!» ብላ ተጣራች። አፌን ከፈትኩ፣ ቃል እምቢ አለኝ። ከወንበሩ በኩል ግን፣ ጥርት ባለው የእኔው ድምፅ፣ «አቤት» አለ። ድምፃችን አንድ ነው ብያችኋለሁ፣ ሳምሶን ይሁን እኔ ምን አውቃለሁ?

ከቀብር መልስ ኦቦ ጉደታን ድንኳን ውስጥ አገኘኋቸውና፣ ፍርሃቴን ለመሸፈን፣ «ስሜን አይመልሱልኝም እንዴ?» አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ።

«ያኔውኑ ወስደኸው የለም እንዴ?» አሉ። «ዘነበች ስትጣራ አቤት እያልክ በፊቴ አልፈህ ሄድክ። ጃኬት አልለበስክም ነበር።»

እኔ ከእናቴ ሬሳ አጠገብ ጃኬቱን እንደለበስኩ ነበር የተገኘሁት፣ ዘነበችን ጠይቋት።

ትናንት ከሥራ ወደ ቤቴ ስገባ፣ ደጅ ላይ ጫማዬን እያወለቅኩ፣ ሚስቴ «ግርማ፣ እራት!» ብላ ስትጠራ ሰማሁ። ከመኝታ ቤት የእኔው ድምፅ «አቤት፣ መጣሁ» አለ። ሰሐን ሲቀመጥ፣ ሚስቴም ስትስቅ ሰማሁ፣ ለእኔ እንደዛ ስቃ አታውቅም። በሩን ላንኳኳ እጄን አነሳሁና መልሼ አወረድኩት፣ ማነው ብትለኝ የምላት የለኝም።