አሥራ አንድ ሺህ እጆች

ሲፈን መነጽሯን ስታደርግ አራት ሚሊዮን መጻሕፍት ፊቷ ተደረደሩ። እሷ ግን አዛጋች። «ጎሕ» በተባለችው መንኮራኩር ውስጥ ለተወለደ ሰው ምናባዊ መደርደሪያ ከበር እጀታ አይለይም፤ ጓንት ያጠለቀ እጅ ይዘረጋል፣ መጽሐፉ ይመጣል። መደርደሪያው ደግሞ የእጅ ዱካ ይይዛል፤ ማለትም ሰው እጁን የዘረጋበትን ሁሉ ያስታውሳል፣ ብዙ እጅ የሄደበትንም ቦታ የሚፈለገው መጽሐፍ እስኪገባበት ድረስ ያሰፋል።

ጣጣው የመጣው ከዚሁ ነው። በዝናብ መለኪያ መመሪያና በአፈር ዓይነቶች መካከል ባዶ ክፍተት ተከፍቷል። ትናንት ሁለት ጣት ነበር፣ ዛሬ ክንድ ሆኗል። በሰፋ ቁጥር ዳር ዳር ያሉት መጻሕፍት እየተገፉ ይጠፋሉ፤ ምድር ተመልሶ ሌላ ቅጂ የሚያመጣ ደግሞ የለም።

«እስከ ምሳ ዝጊው» አላት የቤተ መጻሕፍቱ አለቃዋ ጋሽ ድንበሩ። «የእጅ ዱካውን ጠራርገሽ አጥፊና ይቆማል።»

«የስንት ሰው ዱካ ነው?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ? አጥፊ ስትባዪ አጥፊ።»

ሲፈን ደግሞ የተባለችውን ወዲያው ማድረግ አይሆንላትም። ዱካውን ከፈተችው። ባዶው ቦታ ላይ እጆች ቦግ ቦግ አሉ፤ የሕፃን እጅ፣ ጣት የጎደለው እጅ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ። የሰባ ዓመት ዱካ፣ አሥራ አንድ ሺህ እጆች፣ ሁሉም ወደ አንድ ባዶ ቦታ ተዘርግተዋል። ከመካከላቸው አንዷ ትንሽ እጅ የራሷ ነበረች፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች። ምን ፈልጋ እንደነበር ትዝ ሲላት መነጽሯን አውልቃ ተነሣች።

ወደ ክሊኒኩ ሮጠች። ከተሳፋሪው ሁሉ ምድር ላይ ተወልደው በሕይወት የቀሩት አባባ ሞሲሳ ብቻ ናቸው።

«አባባ፣ ዝናብ ሲጀምር መሬቱ ምን ምን ይሸታል?»

«አሁን ይኼ ይጠየቃል? ማንም የሚያውቀው ነገር እኮ ነው።»

«ማን?»

ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ፤ ምድርን ያየ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ትኩስ ሸክላ ውኃ ሲነካው...» አሉ በመጨረሻ።

«ሸክላ አሽትቼ አላውቅም።»

«አንቺ ደግሞ ታስቸግሪያለሽ። እንግዲያው... ከዓይንሽ በፊት አፍንጫሽ ይሰማል። ሰው ሁሉ የያዘውን ትቶ ቀና ይላል። የተኳረፈው ሳይቀር ይተያያል።»

እሳቸው እያረሙ፣ እየተቆጡ፣ እሷም እየጻፈች ሠላሳ መስመር ሞላ። ክፍተቱ ውስጥ ስታስገባው መጻሕፍቱ ተጠጋግተው ቆሙ፤ ከዚያ በኋላ አንድም አልጠፋም። ሊቆጣ የመጣው ጋሽ ድንበሩ እጁን ዘረጋ፤ ቆሞ አነበበ፤ እንደገና አነበበ፤ ምሳውን ረሳ።

ሲፈን አራት ሚሊዮኑን መጻሕፍት ገና ያን ቀን ያየቻቸው መሰላት። የምድር ሰዎች የከበዳቸውን ሁሉ ጽፈው፣ ሁሉም የሚያውቀውን ግን ማን ይረሳዋል ብለው ትተውት ሄደዋል።

እኛስ? አለች። ባዶ ገጽ ከፍታ «ጠዋት ጠዋት የጎሕ ግድግዳ እንዲህ ይላል» ብላ ጀመረች። ከዚያ እጇ ቆመ። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰማው የኖረችውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳመጠችው።