በመዳፍ የተቀመሰው ቦርዶ

ባለሆቴሉ ጉልላት ብርጭቆውን እንደያዘ ምድር ቤቱ ውስጥ ከሞተ አራተኛ ቀኑ ነው። በ1996 ዓ.ም. ክረምት፣ የሐዋሳ ፖሊስ የሆቴሉን የወይን ማከማቻ ኃላፊ ታምሩን በካቴና አስሮ ወደዚያው ምድር ቤት መለሰው። መዝገቡ ነገ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። የምድር ቤቱ ቁልፍ በእሱ እጅ ነበር፤ ጠርሙሱን የከፈተውም እሱ ነው። ሌሊቱን ሊጸልይ ሞክሮ ከሚስቱና ከልጆቹ ስም ሌላ ቃል አልወጣውም።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ደብሪቱ የተጋደሙትን ጠርሙሶች በዓይኗ ቃኝታ ወደ ታምሩ ዞረች። የሟች ሚስትና የሟች ወንድም ዋሲሁን ደረጃው ሥር ቆመዋል።

«እስቲ እንደገና ንገረኝ።»

«ቦርዶው፣ የፈረንሳዩ ወይን፣ ሃያ ዓመት የተኛ ነው። አተላው እንዲረጋ ከዋዜማው ጠርሙሱን አቆምኩት። በማግስቱ ከፍቼ አሸተትኩት፤ ደህና ነበር። አተላውን አስቀርቼ ወደ ጆግ ገለበጥኩና እንዲተነፍስ አንድ ሰዓት ተውኩት። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ሲጠጡ አልቆምም። በሩን ሳልቆልፍ ወጣሁ። ማን ያምነኛል?»

በጆጉና በብርጭቆው የተገኘው የእርሻ ፀረ ተባይ መርዝ ነበር።

«ሟች እንዴት አልሸተታቸውም?»

«ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ሌላ ቀን ይሁን ብላቸው እምቢ አሉኝ።»

ደብሪቱ ወደ ሟች ሚስት ዞረች። «ወይዘሮ ሙሉጌጥ፣ ባለቤትዎ ሳይቀመስ ይጠጡ ነበር?»

«በፍጹም። ጠጅ ቤት ያደገ ሰው ነው። ቀጂው መዳፉ ላይ አፍስሶ ካልቀመሰ ብርጭቆ አያነሳም። ታምሩ ስለማይጠጣ፣ የሚቀዳለትም የሚቀምስለትም ወንድሙ ዋሲሁን ነው። ያን ቀንም መዳፉን ወደ አፉ ሲያነሳ ከደረጃው ላይ ሆኜ አይቻለሁ።»

«አቶ ዋሲሁን» አለች ደብሪቱ፣ «ለፖሊስ በሰጡት ቃል ‹ቀመስኩ፤ ግሩም ነበር› ብለው ፈርመዋል። አሁንስ?»

«አሁንም ያው ነው» አለ ዋሲሁን። ታምሩን ግን ቀና ብሎ አላየውም።

ደብሪቱ ጎንበስ ብላ ባትሪዋን ወለሉ ላይ አበራች። «ታምሩ፣ ይሄ አሸዋ ምንድነው?»

«ለቅዝቃዜ ነው። በየማለዳው ውሃ አርከፈክፍበታለሁ።»

«ከታሰርክ ወዲህ ያርከፈከፈ የለም። ደግ ሆነ።»

ዋሲሁን ቆሞ በቀዳበት ቦታ መዳፍ የምታህል ቀይ እድፍ ነበረች። ዙሪያዋን ጉንዳኖች ሞተው ተበትነዋል።

«ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን አተላ አስመርምረነዋል፤ ንጹሕ ነው» አለች ደብሪቱ። «ስለዚህ መርዙ የገባው ጆጉ ውስጥ ነው። እዚህ ድረስ ታምሩም ከጥርጣሬ አላመለጠም። ግን አቶ ዋሲሁን ከዚያ ጆግ ቢቀምሱ ኖሮ ዛሬ ከእኛ ጋር አይቆሙም ነበር። አልቀመሱም፤ አሸዋው ላይ ደፉት። መርዝ መኖሩን ያላወቀ ሰው ለምን ይደፋዋል?»

«እጄ ተንቀጥቅጦ ነው የፈሰሰው።»

«ታዲያ ግሩም መሆኑን በምን አወቁ?»

ዋሲሁን ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ሆቴሉን ሊሸጠው ነበር» አለ በመጨረሻ። «አሥር ዓመት የደከምኩበትን ቤት። ከደላላ አፍ ነው የሰማሁት።»

ካቴናው ከታምሩ እጅ ወደ ዋሲሁን እጅ ተሻገረ። ታምሩ የእጁን አንጓ እያሻሸ እንደ ልጅ አለቀሰ። ልጆቹን ዛሬ ማታ ያያቸዋል። ወደ ደረጃው ሲያመራ ሙሉጌጥ እጅጌውን ይዛ አስቆመችው።

«ያን ቀን አንተን ጉንፋን አልያዘህም ነበር» አለችው በቀስታ። «እዚህ ቆመህ ብትቀዳለት ኖሮ መርዙ ይሸትህ ነበር።»

ነጻ ነህ የተባለው ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ቀረ።