4 የላ. ጡ.

ጀሚል መልሱን ያወቀው መምህርት ኡምኩልሱም ጠመኔውን ከሰሌዳው ሳያነሡ ነው። ማወቁ ግን ደስ አላሰኘውም።

«4 የላ. ጡ.» ይላል ጽሑፉ።

ጨዋታው ቁጥሩን ሰጥቶ ቃላቱን ይቆርጣል። «7 የሳ. ቀ.» ከተባለ ሰባት የሳምንት ቀናት ነው። «30 የቁ. ጁ.» ከተባለ ሠላሳ የቁርአን ጁዝ ወይም ክፍል ነው። ስምንተኛ ሀ እና ስምንተኛ ለ እኩል ወጥተዋል፤ ይችን የመጨረሻዋን የፈታ ክፍል አዲሱን ኳስ ይወስዳል። የከሚሴ ፀሐይ አናት ይበሳል፤ ተማሪው ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆሞ ያያል።

ከስምንተኛ ለ አብደላ ቀድሞ እጁን አወጣ። «አራት የላስቲክ ጡሩምባ!»

ግቢው በሳቅ ተናጋ። መምህርቷ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ እነጀሚል ክፍል፣ ወደ ስምንተኛ ሀ ዞሩ።

«ያ ጀሚል፣ ታውቃታለህ አይደል?» አለ ጓደኛው ሙሀመድኑር በክርኑ እየጎሸመው። «ፊትህ ይናገራል። በላት አቦ።»

ያውቃታል። እናቱ ዙቤይዳ እጇን ካመማት ወዲህ ላሟን የሚያልበው እሱ ነው። በሰፈራቸው ደግሞ ማለብ የሴት ሥራ ነው። አንድ ቀን አንድ ጎረቤት በአጥር በኩል አይቶት «ዙቤይዳ፣ ለልጅሽ ሻሽ እሰሪለት እንጂ» ብሎ እየሳቀ አለፈ። ሰውየው ይህን ማለቱን እንኳ አያስታውስም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ጀሚል የሰውየውን ዱላ ቀለም ሳይቀር ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ ማለቡን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። አሁን ያንን ቃል በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?

«ጊዜው እያለቀ ነው» አሉ መምህርቷ።

«አራት የላም ጡቶች» አለ ጀሚል።

ሴቶቹ አፋቸውን በሻሽ ሸፈኑ፤ ወንዶቹ አፏጩ። «ትክክል» አሉ መምህርቷ፣ እሳቸውም ፈገግ ብለው።

«ቲቸር፣ ይሄ ልጅ አላቢ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ አብደላ።

«አይደለሁም» ማለት ቀላል ነበር። ጀሚል ግን ጎረቤቱ ትዝ አለው፤ ተናደደም። «አዎ፣ በየጠዋቱ አልባለሁ። አንተ ወተት ከላስቲክ የሚወጣ ይመስልሃል?»

ሳቁ ወደ አብደላ ዞረ። ትንሽ ቆየና ደከመ፤ ተማሪው ወደየክፍሉ ተበተነ። ይኸው ነበር። ያን ያህል የፈራው ነገር ደወል እስኪደወል እንኳ አልቆየም። ጀሚል ሳያስበው በረጅሙ ተነፈሰ።

ከትምህርት በኋላ ሙሀመድኑር ኳሱን በብብቱ ይዞ ከጀሚል ጋር ጎን ለጎን ተራመደ።

«ወላሂ ታልባለህ?»

«አልባለሁ።»

«አትራገጥም?»

«ትራገጣለች። ጥጃዋን ፊቷ ካሰርክላት ግን ዝም ትላለች።»

ሙሀመድኑር ኳሱን ከብብቱ አወጣ። «እሺ። ነገ በጠዋት ሜዳ እንገናኝ፤ ኳሱን እናስመርቀው።»

ስለ ጠዋት ሲጠየቅ ሁልጊዜ የሚላት ሰበብ ነበረችው፤ «ራሴን ያመኛል» የምትል። ምላሱ ላይ ደረሰች። ዋጣት።

«መጀመሪያ አልባለሁ» አለ። «ከዚያ እመጣለሁ። ጠብቁኝ።»