የእማማ ይርገዱ ኮድ

«ኑ፣ ኮዱ መጣልሽ?» አለች የኦሽራት የክፍል ጓደኛ ሺራን በስልክ፣ በዕብራይስጡ «ኑ» እያቻኮለቻት።

መጥቷል። የኦሽራት ስልክ ላይ ስድስት አሃዝ ተቀምጧል፤ ያለ እሱ ግዢው አያልፍም። ከሥሩ በዕብራይስጥ «ለማንም አይስጡ» ይላል።

መልእክቱ ለእሷ አዲስ አልነበረም። እስራኤል ውስጥ፣ አቲቆት ሰፈር ባለው ሕንፃቸው የሚኖሩት ሽማግሌዎች የመክፈያ ካርድ ሲያወጡ ያስመዘገቡት የእሷን ስልክ ቁጥር ነው። ዕብራይስጥ የምታነብላቸው እሷ ናት፤ ታዲያ የማንን ይስጡ? መዝጋቢዎቹም አንድ ቁጥር የስንት ሰው ነው ብለው አልጠየቁም። በአሥራ አራት ዓመቷ የሕንፃው ሁሉ ቁልፍ ያዥ ሆና ቀረች። እሷንም ትፈልጊያለሽ ወይ ያላት የለም።

ይሄኛው ኮድ የእማማ ይርገዱ ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለቱ ልጆች ማራገቢያ በኢንተርኔት ሲያዙላቸው የካርዱን ቁጥር ያነበበችው ሺራን ነበረች። ለካ ፎቶም አንስታዋለች።

«ምን አዘዝሽ?»

«ጫማ። ለክፍሉ ጉዞ። እሳቸው እንደሆነ አያውቁም።»

«ሂሳባቸው ላይ ይወጣል።»

«ሂሳቡንስ የምታነብላቸው ማን ሆነችና? አንቺው አይደለሽ? ያላ፣ ፍጠኚ፣ ኮዱ ሊያልፍበት ነው።»

ኦሽራት ንዴቱ እስኪመጣ ጠበቀች። አልመጣም። የጥርስ ሐኪም እንዳደነዘዘው ድድ ነበር ውስጧ። ስልኩን ዘጋችና አንድ ፎቅ ወረደች።

እማማ ይርገዱ ማራገቢያው ፊት ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«እማማ፣ ሰው ካርድዎን ፎቶ አንስቶ ሊገዛበት ነው። እናስዘጋው።»

«አንቺ ካልሽ ይዘጋ» አሉ። ማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁም።

ወደ ካርዱ ድርጅት ደወለች። ሰውየው የጠየቀውን ወደ አማርኛ መለሰችላቸው። «አሁን ጫማ ያዘዙት እርስዎ ነዎት ወይ ይላል።»

እማማ ይርገዱ እጃቸውን ከምስሩ አነሱ። «እኔ ነኝ እንዴ?»

የምራቸውን ነው። አዎ ብትላቸው አዎ ሊሉ ነው። እጇ ላይ ስልኩ ነዘረ፤ ሺራን «ኑ?» ብላ ጽፋለች።

«አይደሉም» አለች ኦሽራት። «ከእንግዲህ ኮዱም ወደ ራስዎ ስልክ ይምጣ።»

«እኔ ምኑን አነበዋለሁ?»

«ቁጥር ነው፣ እማማ። የአውቶብሱን ቁጥር ያነቡ የለ?»

«እሱንማ አነባለሁ።»

ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጋች። «በሉ፣ ራስዎ በዕብራይስጥ ‹ሎ› ይበሉት፤ አይደለሁም ማለት ነው።»

እማማ ይርገዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሎ» አሉ። ከዚያ ሰውየው ያልሰማ መስሏቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት።