ማንም ያላዘዘው የጄሶ እጅ

እጁ መደርደሪያው ላይ ነበር። ማንም አላዘዘውም።

የፍቅረኞች ቀን ጠዋት ነው። የስጦታ ሱቁ ባለቤት መብራቱን አበራችና ዕቃዋን በዓይኗ ቃኘች። ይህ ሱቅ ጽጌረዳና ቸኮሌት አያውቅም። «ሆዴ» ለሚባባሉ በጨርቅ የተሰፋ ጨጓራ፣ «ዓይኔ» ለሚባባሉ አንገት ላይ የምትንጠለጠል የመስታወት ዓይን ይሸጣል። ጉድ ነው! ከሁሉ የሚፈለገው ግን የጄሶ እጅ ነው። ጥንዶቹ እንደተጨባበጡ እጃቸውን ባልዲ ሙሉ ሊጥ ውስጥ ይነክራሉ። ሊጡ እንደ ላስቲክ ሲረጋ እጃቸውን ቀስ አድርገው ያወጣሉ፤ በባዶው ቦታ ጄሶ ይፈስበታል። የቆዳቸው መስመር ሳይቀር ቁጭ ይላል።

አሁን ከጥንዶቹ እጆች መሃል አንድ አዲስ ቆሟል። የሴቲቱ አውራ ጣት ላይ የመቀስ ጠባሳ አለ።

ባለሱቋ ክው አለች። ያንን ቁስል በልጅነቷ ያሰረችላት እሷ ናት። አብራት ሱቁ ውስጥ የምትሠራው፣ ሰሞኑን ከቤት እንደወጣች የቀረችው የታናሽ እህቷ እጅ ነው።

ጩኸቷ ሰፈሩን አወጣው።

የፖሊስ መርማሪዋ ስትደርስ ሱቁ በሰው ተሞልቷል። አጭር ሴት ናት፤ ከረሜላ ከአፏ አይጠፋም፤ ወሬ አትወድም።

«እታለም የሚሉሽ አንቺን ነው?»

«እህቴ ያወጣችልኝ ስም ነው። አሁን ሁሉም እንደዚያ ይለኛል።»

«በሩ አልተሰበረም።»

«ቁልፉ እሷ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ከነቦርሳዋ ነው የጠፋችው።»

የጎረቤቱ ፋርማሲስት ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ብርጭቆ ውሃ ይዞ ገባ። እታለምን ደግፎ አስቀመጣትና ወደ በሩ በአገጩ ጠቆመ።

«ምን ይመረመራል? ሰውየው ያውላችሁ።»

በሩ ላይ የጠፋችው ልጅ እጮኛ ቆሟል። የታክሲ ሹፌር ነው። ከመጥፋቷ በፊት «የሰው እጅ ስትነካኪ መዋልሽ ሊበቃሽ ይገባል!» ብሎ ሲጮህባት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«ቀንቼ ነው፤» አለ ዓይኑ አብጦ። «ጮኬባታለሁ። ግን በእናቴ ሞት፣ አልነካኋትም!»

«እጅህን አምጣ፤» አለች መርማሪዋ።

ከጄሶው ጎን አስቀመጠችው። የሹፌሩ መዳፍ አካፋ ያህላል። የጄሶው ወንድ ጣቶች ግን ቀጫጭን፣ ረጃጅም ናቸው።

«ይሄ ያንተ አይደለም። ግን ከዚህ እንዳትርቅ።» ከዚያ ዞር ብላ ሰውን ሁሉ አስወጣች።

ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ እታለም ጠየቀች። «በሕይወት አለች?»

መርማሪዋ ከረሜላዋን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዛወረች።

እታለም ጄሶውን አነሳችው። «አልያዘችውም። እሱ ነው ጭብጥ ያደረጋት። የሷ ጣቶች ዝርግት ብለዋል። የሞተ ሰው ነው እንዲህ እጁ የሚለቀው። ወይኔ እህቴን!»

ከዚያ ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው። የእህቷ ትንሿ ጣት ጠርዝ ተደርቦ ሁለት መስሏል።

«ይሄ ብልሽት ነው! ሊጡ ሊረጋ ሲል ጣት ከተነቃነቀ እንዲህ ይሆናል። ደንበኛ ሲያበላሸው እንጥለዋለን።»

«እና?»

«እና ተንቀሳቅሳለቻ! ሬሳ ምን ያንቀሳቅሰዋል?»

መርማሪዋ አጠገቧ ቁጭ አለች። «እንግዲያው የያዛት ሰው በሆነ ነገር አስተኝቷታል። አንቺስ? የምትተኚው እዚሁ ከጀርባ ነው። ይሄ ድንጋይ የሚያህል ነገር ሲገባ አልሰማሽም?»

«ድሮ አይጥ ሲሮጥ እነቃ ነበር። ትናንት ግን ኪኒን ወስጄ ነው የተኛሁት።»

«ማን ሰጠሽ?»

«ጎረቤታችን። ‹ነገ ሥራ ይበዛብሻል፣ ዛሬ ደረብ አድርገሽ ዋጪ› አለኝ። እግዜር ይስ...»

ምርቃቱ አፏ ላይ ቀረ። በግድግዳው ማዶ የፋርማሲው መሳቢያ ሲዘጋ ተሰማ።

መርማሪዋ ጄሶውን ታቅፋ ፋርማሲው ገባች። እታለም ከኋላዋ ናት። ሰውየው ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ መድኃኒት ይደረድራል።

«እጅህን።»

ያለ ምንም ክርክር ዘረጋላት። ቀጫጭን፣ ረጃጅም ጣቶች። የጣቱን መስመር በአጉሊ መነጽር ከጄሶው ጋር አስተያየች። ቁርጥ ራሱ!

«ያምራል አይደል?» አለ ፈገግ ብሎ።

«ለምን?»

«አምና ይዛኝ ነበር።»

አምና የቀጠራት ሴት ቀርታበት፣ ሱቁ ውስጥ ከባልዲው ፊት ብቻውን ተገትሮ ነበር። ታናሺቱ አሳዘናትና «ና፣ እኔ ልያዝልህ» ብላ እጇን ከሱ ጋር ነከረች።

«እስኪረጋ አልለቀቀችኝም። ሰው ሳይወድ እንደዚያ ይይዛል?»

«ሊጡ እንዳይበላሽ ነው! ሥራዋ ነው፣ አንተ እርጉም!» አለች እታለም።

አልሰማትም። «ስጠብቃት ለሹፌር ቀለበት አሰረች። ከጥንዶቹ ጋር ቆመን ሰው እንዲያየን ፈለግሁ። ሌላ ምንም አላደረግኋትም።»

የፋርማሲውን መጋዘን በር ሰብረው ገቡ። ልጅቱ ካርቶን ላይ ተጋድማለች። ቀዝቅዛለች፤ ግን ትተነፍሳለች። ክንዷ ላይ ሊጡ ደርቆ ይላጣል።

በዙሪያዋ የጄሶ እጆች ወለሉን ሞልተውታል። ሁሉም የሱና የሷ ናቸው። ሁሉም ትንሿ ጣት ላይ ተበላሽተዋል። ደጋግሞ ነክሯታል፤ እሷም በዚያ ሁሉ ኪኒን ሥር ሆና ጣቷን ደጋግማ አንቀሳቅሳለች። መደርደሪያው ላይ ያቆመው ብልሽቱ ያነሰውን ነበር።

መርማሪዋ ከረሜላዋን ተፋችና ካቴናውን አወጣች።

ልጅቱ ሆስፒታል አልጋ ላይ ዓይኗን ስትገልጥ መሽቷል።

«እታለም...»

«እዚህ ነኝ። አለሁልሽ።» እያለቀሰች እጇን ልትይዛት ዘረጋች።

ልጅቱ ሁለቱንም እጆቿን ብርድ ልብሱ ውስጥ ደበቀች።

«አትያዢኝ።»

«እሺ እናቴ። እሺ።»

እታለም እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ እስኪነጋ አጠገቧ ቁጭ አለች።