ከኋላዬ ክርር አለ

እኔ እኮ "ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ጂኒ አለ" ሲሉኝ "ካለ ኪራይ ያዋጣ" የምል ሰው ነኝ፣ ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ የሚል ሲያጋጥመኝ ከት ብዬ ነው የምስቀው፣ ስለዚህ ይቺን ስነግራችሁ እንዳትስቁብኝ አደራ።

ባለፈው ክረምት ነው። ጅማን ታውቋታላችሁ፣ ሰማዩ ከተዘጋ ሳምንት ሙሉ ይዘጋል፣ ሰርግ የለ፣ ፀሐይ የለ፣ ለእኔ ለፎቶ አንሺዋ ሁሉም ነገር አመድ መስሎ ታየኝና ተስፋ ቆረጥኩ። ካሜራዬን ልሸጥ ተስማማሁ፣ ገዢው በማግስቱ ሊወስዳት ነው፣ እኔም ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለው የወንድሜ ሱቅ ገብቼ ሚስማር ልሸጥ።

ከሰዓት በኋላ፣ መሥራቷን ላረጋግጥ ብዬ ደጄ ላይ ቆሜ ጭቃውን ቀጭ አድርጌ አነሳሁት። ከኋላዬ "ክርር" አለ።

ድምፁን አውቀዋለሁ። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ ከማል፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ በድሮዋ የፊልም ካሜራቸው አንድ ባነሱ ቁጥር ፊልሙን በአውራ ጣታቸው ክርር አድርገው ያዞሩና ኦሮምኛ ቀላቅለው "አማስ! ድገሚ!" ይሉኝ ነበር። ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ የእኔዋ ደግሞ ዲጂታል ናት፣ የሚዞር ነገር የላትም።

ዞር አልኩ፣ ሰው የለም። ግን ድምፁ በመጣበት በኩል የጣሪያው ውሃ ቀይ ባልዲ ሞልቶ ይፈሳል፣ በዚያ ሁሉ ግራጫ መሀል ቀዩ ሲያምር! አነሳሁት። ክርር፣ አሁን ከግራዬ። ባጃጅ ቆማለች፣ አንዲት ሴትዮ በትንፋሿ የደበዘዘውን የላስቲክ መጋረጃ በጣቷ ጠርጋ አሾልካ ታየኛለች። አነሳኋት።

"አንቺ፣ በዚህ ጭቃ ምን ታነሺያለሽ?" አለኝ ባለ ባጃጁ።

"ድምፅ አልሰማህም?"

"ዝናብ ነዋ! ሌላ ምን ይሰማል?"

ፀጉሬ ቆመ፣ ግን ወላሂ፣ ክርስቲያን ሆኜ ወላሂ ልበላችሁ፣ መሸሽ አላማረኝም። ድምፁን እየተከተልኩ ጭቃውን ጨምሮ አምስት አነሳሁ፣ ያ ጭቃ እንኳ ሳይቀር በዓመቱ ካነሳሁት ሰርግ ሁሉ ይበልጥብኛል። ከአምስተኛው በኋላ ድምፁ ጠፋ።

በሩጫ የጋሼ ከማል ሚስት እትዬ ዘሃራ ዘንድ ሄጄ ካሜራቸውን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ቁልፉን ከአንገታቸው ፈትተው ከሳጥን አወጧት።

"የሞቱ ዕለት ጠዋት አዲስ ፊልም ከተቱባት፣ አንድም ሳያነሱባት አላህ ወሰዳቸው፣ ከዚያ ወዲህ የነካት የለም" አሉኝ።

ካሜራዋ አናት ላይ ስንት ፎቶ እንደተነሳ የምትቆጥረዋን ትንሽ ቀዳዳ አየሁ። አምስት ትላለች።

ቁጥሩን አሳይቼ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። እትዬ ዘሃራ ካሜራዋን እጄ ላይ አስቀመጡ፣ "ሱብሃን አላህ! በይ፣ የቀረውን ፊልም አብራችሁ ጨርሱት።"

ገዢውን ይቅርታ ጠይቄ መለስኩት። ፊልሙ እስካሁን ውስጧ ነው፣ ምን እንደሚወጣበት ስለማላውቅ ለማሳጠብም ድፍረቱ የለኝም። ደመና በሆነ ቁጥር ሁለቱንም ይዤ እወጣለሁ፣ በእኔዋ አነሳለሁ፣ የእሳቸውን ከቦርሳ አላወጣትም፣ እመኑኝ።

ትናንት ቁጥሯን አየሁ፣ ዘጠኝ ደርሷል።